የ«ቱ» ነገር

የእህቴ ባል ሻይ ተቀምጦ ሲጠጣ አይቼ አላውቅም። ብርጭቆውን በሁለት ጣቶቹ ጠርዙ ላይ ይዞ፣ በሌላው እጁ መጽሐፍ እየገለበጠ፣ ከሱቁ ደረጃ እስከ ጥጉ፣ ከጥጉ እስከ ደረጃው ይመላለሳል። ግማሹ ሻይ ይቀዘቅዛል፣ ግማሹ እጅጌው ላይ ይፈስሳል። ጎረቤት ነጋዴዎች «አያርፌ» የሚል ስም ያወጡለት ለዚህ ነው። እኔ ግን እህቴን ካገባበት ቀን ጀምሮ «ጋሼ» እለዋለሁ፤ እዚህም እንደዚያው ልጥራው።

የምንሠራው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለው ረጅም የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ስድስት የአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች በተርታ አሉ፤ ጋሼ የመጨረሻው፣ ዝናብ የሚያፈስሰው ጥግ ላይ ነው። እኔ ከጎኑ በአጭር በርጩማ ተቀምጬ የተገነጠሉ መጻሕፍት እሰፋለሁ። ወፍራም መርፌ፣ ሰም ያስነካሁት ክርና አንድ ጣሳ ሙጫ ይበቃኛል።

ጋሼ መጽሐፍ ሲገዛ አስቀድሞ ዋጋ አይጠይቅም፤ ገጽ ይቆጥራል። ጣቱን በምራቅ ሳያርስ፣ «ምራቅ ወረቀት ያበሰብሳል» እያለ፣ ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው ያገላብጣል። አንድ ቅጠል ከጎደለ «ጥርሱ ወልቋል» ብሎ ይመልሳል። ከመጽሐፍ መሀል የሚወድቀውንም አይጥልም፤ የሲኒማ ትኬት፣ የሐኪም ማዘዣ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የክብሪት ሥዕል፣ ዕጣው ያልወጣ ሎተሪ፣ ሁሉንም በየዓይነቱ በጫማ ካርቶን ይለያል። ለሁሉም ፈላጊ አለው። የክብሪት ሥዕል ብቻ የሚሰበስብ አንድ የጥርስ ሐኪም አለ። አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ብቻ የምትገዛ ልብስ ሰፊም አለች፤ «ያለፈውን ቀን ምን ታደርጊዋለሽ?» ሲሏት «እናንተስ የሚመጣውን ምን አደረጋችሁት?» ትላለች።

የጋሼ ፊት የሚለዋወጠው የአሮጌ ጋዜጣ እስር ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ ገዢ ቆሞ ቢጠብቀው አይሰማም። ገመዱን በጥርሱ ይፈታና ቀኑን ብቻ እያየ፣ አይደለም፣ አይደለም፣ አይደለም፣ እያለ በጥድፊያ ይገለብጣል። እስሩ ሲያልቅ ወይ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ወይ አንዷን ቅጂ አጥፎ በሸሚዙ ሥር ይከታል። ለዓመታት ምን እንደሚፈልግ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አንድ ቀን ከሸሚዙ ሥር አውጥቶ የተቀደደ ጠርዟን እንድለጥፍለት ሲሰጠኝ ግን አነበብኋት። ያን ጊዜ ተናገረ።

ጋሼ በሃያ ሦስት ዓመቱ ፊደል ለቃሚ ነበር። ጋዜጣ በእርሳስ ፊደል በሚታተምበት ዘመን፣ የከተማው ሳምንታዊ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ከትልቅ የእንጨት ሳጥን ፊት ቆሞ ፊደል እየለቀመ መስመር ይደረድር ነበር። ሳጥኑ ለእያንዳንዱ ፊደል ትንሽ ጉድጓድ አለው። የ«በ» ቤት ከላይ፣ የ«ተ» ቤት ከሥሩ ነው። ማታ ማታ ታትሞ ያለቀውን ፊደል ወደየጉድጓዱ የሚመልሰው ራሱ ለቃሚው ነው። «ፊደል በጣት ይለቀማል እንጂ በዓይን አይለቀምም» ይላል ጋሼ፤ እጅ ቦታውን ያውቃል፣ ዓይን ጽሑፉን ያያል። እንግዲህ አንድ ማታ በ«ቡ» ጉድጓድ ውስጥ አንዲት «ቱ» ጨመረ። በማግሥቱ አራሚው ታሞ ቀረ። ቅዳሜ ጋዜጣው ሲወጣ፣ በሦስተኛው ገጽ የምሥራች ዓምድ ላይ፣ ሁለት ሙሽሮች «በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተጋቡ» መባል ሲገባቸው «በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተጋቱ» ተብሎ ወጣ።

ሙሽራው ደግሞ የውኃ ክፍል ሠራተኛ ነበር። በዚያ ሳምንት ከተማው ቧንቧ ሁሉ ደርቆ ሰው ባልዲ ይዞ ይሰለፍ ነበርና ወሬው እንደ እሳት ተያያዘ። «ኧረ ውኃው የት ገባ?» ይላል አንዱ፤ «ሙሽሮቹ ተጋቱት!» ይላል ሌላው። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ጋሼን ጠርቶ፣ «ዛሬ ሙሽሮችን አጠጣህ፣ ነገ ሹሞችን ታጠጣብኛለህ» ብሎ ከሥራ አሰናበተው።

ከሥራ መውጣቱን እንኳ ችሎት ነበር። ያልቻለው ሌላ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ሙሽራይቱን አያት። ነጠላዋን ጉንጯ ላይ ይዛ ታለቅሳለች፤ ከበስተኋላዋ ሁለት ሴቶች ይሳሳቃሉ። ጋሼ ከመብራት ምሰሶ ጀርባ ተደበቀ። ወጥቶ «ይቅር በይኝ» ሳይላት አውቶቡሷ መጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር በልቡ ቆረጠ፤ ያችን ጋዜጣ እስከ መጨረሻዋ ቅጂ ለቅሞ ከሰው ዓይን ሊያጠፋ። ልጅቱ ዳግመኛ እንዳታያት፣ ልጆቿም እንዳያነቧት። የታተመው ስድስት መቶ ነበር። በአርባ አምስት ዓመት ሠላሳ ስምንት ለቀመ።

አላቃጠላቸውም። «ወረቀት እንዴት አቃጥላለሁ?» ይላል። አልጋው ሥር በቁልፍ የሚዘጋ የብረት ሳጥን ውስጥ አስቀመጣቸው። እህቴ ቤት ስትጠርግ ሳጥኑን በመጥረጊያዋ ገፋ ካደረገችው ከሌላው ክፍል ዘሎ ይመጣል።

«ምንድን ነው የደበቅህብኝ? ሌላ ሴት አለች እንዴ እዚህ ውስጥ?» ትለዋለች።

«አዎ። ሙሽራ ናት።»

«ታዲያ አርጅታ ይሆናላ! አውጣትና ትጥረግልኝ።»

እሱ ግን ቀልድ አልነበረም የመለሰላት።

ነገሩ የባሰው ከሰው ዓይን ለማጥፋት የፈለገውን ራሱ ለሰው ዓይን ማሳየቱ ነው። በተርታችን መጀመሪያ ላይ አንድ ሻጭ አለ፤ መነጽሩን በሰንሰለት አንገቱ ላይ ስለሚያንጠለጥል «ባለ ሰንሰለቱ» እንለዋለን። ሰውዬው ጋሼ ሁልጊዜ የአንድ ቀን ጋዜጣ እንደሚፈልግ ልብ አለ። ምክንያቱን አያውቅም፤ ግን ነጋዴ ነውና «አያርፌ የሚሮጥለት ወረቀት በከንቱ አይሆንም» ብሎ እሱም መፈለግ ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ሰው ዕቃ ይጠቀልልበት የነበረው ጋዜጣ ብርቅ ሆነ። ያላቸው ሰዎች በፕላስቲክ አሽገው ያስቀምጡት ጀመር። ጋሼ ባሳደደው ቁጥር ይርቀዋል።

ባለፈው ሰኞ ደግሞ ባለ ሰንሰለቱ እየተንጎራደደ መጣ።

«አያርፌ፣ ሰማህ? ቤተ መጻሕፍቱ ዐውደ ርዕይ ሊከፍት ነው። የድሮ የኅትመት ስህተቶች።»

«ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?»

«ያንተዋ ጋዜጣ እኮ አለችበት! አንዲት ሴትዮ በእጇ ይዛ እንደምትመጣ ሰምቻለሁ። በመስታወት ውስጥ ያኖሯታል፣ መብራት ሳይቀር። የሚቀጥለው ሰኞ ነው የሚከፈተው።»

ጋሼ የያዘው ብርጭቆ ዘንበል ብሎ ሻዩ መጻሕፍቱ ላይ ፈሰሰ። እኔ በቀሚሴ ጫፍ ስጠርግ እሱ አላየኝም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት መናገር ያደክመኛል። ማክሰኞ ጠዋት ሱቁን ለእኔ ጥሎ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደ፤ የሴትዮዋን አድራሻ ሲጠይቅ «ለማን ብለን እንስጥዎት?» አሉት። ተመልሶ መጣ፤ አሥር ደቂቃ አልቆየም፣ እንደገና ሄደ። ወረቀት የሚገዙትን ሁሉ በየቤታቸው ዞረ። ረቡዕ ዕለት አንድ ገዢ ባለ ሁለት ቅጽ መዝገበ ቃላት ሲፈልግ ጋሼ አንደኛውን ቅጽ ሁለት ጊዜ ሸጠለት። ሰውየው ቤቱ ደርሶ «ሁለቱም ከሀ እስከ መ ነው፣ እኔ ከመ በኋላ ያለውን ቃል ከማን ልዋስ?» እያለ ተመለሰ። እኛ ስንስቅ ጋሼ ገንዘቡንም መጽሐፉንም ሰጠው።

«ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ አረፍ በል» አልኩት።

«ሙሽራይቱ እንደገና መሳቂያ ልትሆን ነው፣ አንቺ አረፍ በል ትይኛለሽ! ያን ጊዜ ስድስት መቶ ሰው አነበባት። አሁን ሰው በመስታወት ውስጥ እያየ ፎቶ ሊያነሳባት ነው!»

«የምታመጣውን ሴትዮ ታውቃታለህ?»

«አላውቃትም። ደግሞስ ብትሸጥልኝ ምን አለበት? ዋጋዋን ትጥራ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጥላው ሥር ሙቀቱ በርዶ ሰው እየተመናመነ ሳለ፣ አንዲት ሴትዮ ከባለ ሰንሰለቱ ጋር ወደ እኛ ሲመጡ አየሁ። ዕድሜያቸው ከእኔ ብዙ አያንስም። ግራጫ ሹራብ ለብሰዋል፣ በእጃቸው ላይ ትልቅ የፎቶ ፖስታ ይዘዋል። ባለ ሰንሰለቱ ከሩቅ «ይኸው ሰውዬው!» ብሎ ጠቆማቸው፤ ግን አልሄደም፣ ለመስማት ከመጻሕፍቱ ክምር ጀርባ ቆመ።

«እንደምን ዋላችሁ» አሉ ሴትዮዋ። «እርስዎ ነዎት አሮጌ ጋዜጣ የሚሰበስቡት?»

«ደኅና ይዋሉ እትዬ። እንደ ቀኑ ነው» አለ ጋሼ።

ሴትዮዋ ፖስታውን ከፈቱና ጋዜጣዋን በመጻሕፍቱ ላይ ዘረጉ። ሦስተኛው ገጽ መሀሉ ላይ አይጥ የበላው የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ነበረበት።

«ቤተ መጻሕፍቱ ያልተበላ ካለ ይሻላል አሉኝ። እኔም ለራሴ ደህናዋን ብይዛት ብዬ ነው። የሠርጌ ናት።»

ጋሼ ደነገጠ። ሲደነግጥ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ከደረጃው እስከ ጥጉ ሄደ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሊሄድ ሲል ሴትዮዋ እጃቸውን ዘረጉበት።

«ምነው ወንድሜ? ቁሙ እንጂ፣ አንገቴ ዞረ።»

ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ።

«እትዬ፣ ስህተቱ የእኔ ነው። ለቃሚው እኔ ነበርኩ።»

«የቱ?»

«አዎ፣ የ‹ቱ›።»

«የቱ ስህተት ነው የምልዎት!»

«እኔም እኮ የ‹ቱ› ነው የምልዎት! ቡ መሆን ሲገባት ቱ የሆነችው!»

ከክምሩ ጀርባ ባለ ሰንሰለቱ ሳቁን ማፈን አቅቶት አስነጠሰው። ሴትዮዋም ነገሩ ሲገባቸው በሳቅ ፈነዱ። ሳቃቸው እንደ ልጃገረድ ነበር።

«ተጋቱ! ቤታችን ውስጥ እኮ እሱ ቃል አልቀረም። ባሌ ነፍሱን ይማረውና በየዓመቱ የሠርጋችን ቀን ሁለት ብርጭቆ ውኃ ቀድቶ ‹ነይ እንጋት› ይለኝ ነበር። ዘንድሮ ብቻዬን ቀዳሁ።»

«ያለቀሱበት ቀንስ?» አለ ጋሼ። «አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ። ነጠላዎትን ጉንጭዎ ላይ ይዘው።»

ሴትዮዋ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «እኔ? ጉንጬን ይዤ? ጥርሴን አሞኝ ይሆናል። በዚያ ሰሞን መንጋጋዬን አስነቅያለሁ።»

ጋሼ እኔን አየኝ። እኔ ክሬን ወደ መርፌው ዓይን ልከት ብል ሦስት ጊዜ ሳትኩት። ከዚያ እሱ በርጩማዬን ገፍቶ ከእኔ ሥር ካለው ከረጢት ውስጥ አንድ ቅጂ አወጣ። ከመጨነቁ የተነሳ ሠላሳ ስምንቱንም ከቤት ይዞ እየዞረ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ከረጢቱ ተገለበጠና ጋዜጣዎቹ ተዘረገፉ።

ሴትዮዋ ሳቃቸው ቀስ በቀስ ጠፋ። ጎንበስ ብለው አንዷን አነሱ፣ ሌላዋን አነሱ። ቀኑ ያው ነው።

«እነዚህ ሁሉ... አንተ ጋ ነበሩ?» አሉ። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረዳቸውን ልብ አልኩ። «እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ደህና ቅጂ ስፈልግ ‹ጠፍቷል፣ የለም› የሚሉኝ አንተ ሰብስበኸው ነው? ሠርጌን ሠላሳ ስምንት ጊዜ ደበቅህብኝ?»

«እንዳያፍሩ ብዬ ነው።»

«ማን አፈረ? አንተ አፈርክ!» ያነሷትን ቅጂ ሰጡት። «ስህተትህን አውቃለሁ ትላለህ፤ አታውቀውም። አንብባት እስቲ። ጮክ ብለህ አንብባት።»

ጋሼ አነበበ። የሙሽራው ስም፣ የአባቱ ስም፣ የሙሽራይቱ ስም፣ የአባቷ ስም፣ ዕለቱ፣ ቦታው፣ ተጋቱ።

«እናቴስ?» አሉ ሴትዮዋ።

ጋሼ ዓምዱን እንደገና ከላይ እስከ ታች አየው።

«እናቴ ሰው ቤት ልብስ አጥባ ነው ያሳደገችኝ። ማስታወቂያውን ያስወጣችው እሷ ናት፣ በእጇ ከፍላ። ‹የሙሽራይቱ እናት ወይዘሮ እገሊት› የሚል መስመር ነበረው፤ የጋዜጣው ጸሐፊ ሲያነብላት ሰምቻለሁ። ማንበብ አታውቅም፤ የስሟን መልክ ግን እኔ አስጠንቻት ነበር። ቅዳሜ ጋዜጣውን ገዝታ መጣች። ሰው ሁሉ በተጋቱ ሲስቅ እሷ በጣቷ መስመር በመስመር ስሟን ትፈልጋለች። ‹በሌላው ገጽ ይሆናል› ብላ ገለበጠችው። ያን ቀን እስኪመሽ ስትገለብጠው ዋለች። ከዚያ አጥፋ አስቀመጠችው፤ አንድም ቀን ክፉ አልተናገረችም። ይህችው ናት፣ አይጥ የበላት።»



ጋሼ የያዛትን ጋዜጣ መጻሕፍቱ ላይ አስቀመጠ። «ማቅለል እንለው ነበር» አለ። «ዓምዱ ሲሞላና ቦታ ሲጠብ ለቃሚው አንድ መስመር ያነሳል። ኃላፊም አይጠየቅበትም። ስህተት አይባልም ነበር፤ ሥራ ነው። እና...»

«እና?»

«ሁልጊዜ የምናነሳው የእናት መስመር ነበር። አባት ከተነሳ ይመጣና ይሳደባል። እናት አትመጣም።» አንገቱን ደፋ። «የእርስዎን ማንሳቴን እንኳ አላስታውሰውም እትዬ። ቱን ብቻ ነው የማስታውሰው።»

 እኔ ሴትዮዋ ይሰድቡታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ባይሰድቡትም ጋዜጣቸውን አጥፈው ይሄዳሉ ብዬ። እሳቸው ግን ከመጻሕፍቱ ላይ አንድ ሰፊ አትላስ ሳቡና ያልተበላችውን ቅጂ በላዩ ላይ ዘረጓት።

«ጻፋት» አሉ።

ጋሼ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደ።

«በእርሳስ አይደለም! በእርሳስ አንዴ አጥፍታችኋታል። በቀለም።»

ቀለም እኔ ጋ ነበር፤ የተሰፋ መጽሐፍ ጀርባ ላይ ርእስ የምጽፍበት ብዕር። አቀበልኩት። ይህን ጊዜ ባለ ሰንሰለቱ መደበቁን ረስቶ ከክምሩ ጀርባ ዘሎ ወጣ።

«አያርፌ! አብደሃል? በእጅ የተጻፈበት ጋዜጣ ማን ይገዛል? አበላሸኸው እኮ! ሌላዋን ለእኔ ስጠኝ፣ ሌላዋን!»

«ዝም በል፤ ፊደል ታሳስተኛለህ» አለው ጋሼ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ የእናታቸውን ስም ጠየቀ። ነገሩት። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ግን ቆመ።

«በእሳቱ ሰ ነው በንጉሡ ሠ?»

ሴትዮዋ ተቸገሩ። «እኔ እንዲሁ እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው፤ አንዳንዴ በዚህ፣ አንዳንዴ በዚያ። ለውጥ አለው?»

«አለው» አለ ጋሼ። ግንባሩ አልቦታል። «እሳቸው የሚያውቁት አንዱን መልክ ብቻ ነው ብለውኛል። በየትኛው ነበር ያስጠኗቸው? ያስታውሱ እትዬ፣ ግድ የለም እቆያለሁ።»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የግራ መዳፋቸውን ዘርግተው በቀኝ ጣታቸው አንድ ነገር ጫሩበት፣ አጠፉት፣ እንደገና ጫሩ። አውቶቡስ መጥቶ ሰው አውርዶ ሄደ።

«‹ይቺ ባለ ሦስት ጣቷ እኔ ነኝ› ትል ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት ጣት ወደ ላይ።»

«እንግዲያው ንጉሡ ነው።»

ጋሼ ጎንበስ አለና ከሙሽራይቱ አባት ስም ሥር፣ በጠባቧ ክፍት ቦታ ላይ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያሳነሰ፣ እስትንፋሱን ይዞ ጻፈ። መስመሩ እንዲደርቅ እፍ አለበት። ሴትዮዋ ወረቀቷን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው በጣታቸው ሳይነኩ ተከተሉት።

«ይህችን ሰኞ ለቤተ መጻሕፍቱ እወስዳለሁ» አሉ። «ለእኔ ደግሞ ሌላ።»

«ሁሉም ላይ እጽፋለሁ» አለ ጋሼ፤ ሁለተኛዋንም ሳበ። ባለ ሰንሰለቱ ራሱን ይዞ «ወይ ጉድ፣ ወይ ጉድ» ይላል። ሴትዮዋ የእኔን በርጩማ ጫፍ ተካፍለው ተቀመጡና፣ ጋሼ በጨረሰ ቁጥር፣ ሠ-ዋን ብቻ እያዩ «እሺ» ይሉ ጀመር።